ዲንቄ ጣቷን ያሳረፈችበት ደረጃ

ደስታን ሊለካ የመጣውን ሰው በሰፈራችን መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ የስፌት መኪናዬን በረንዳ ላይ አውጥቼ ነው የምውለው፤ ወደ ሰፈር የሚገባውም የሚወጣውም በፊቴ ሳያልፍ አይቀርም። ጊዜው ሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ነበር። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ተከብሮ ቀዩ ጨርቅ ገና ከመብራት እንጨቱ ላይ አልወረደም፤ የናዝሬት ነፋስ ግን ዳር ዳሩን በልቶት ነበር። ሰውየው ቦርሳ አንግቷል፤ በብብቱ የተጠቀለለ ካርቶን ይዟል። አጠገቡ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ ንዋይ አለ። ንዋይ በእግሩ ሰፈር ውስጥ ከገባ ወይ መዋጮ ነው ወይ ስብሰባ ነው፤ ስለዚህ ስፌቴን አቆምኩ።

"አብተው፣ አትደንግጥ፤" አለኝ። "እኚህ አቶ ገሠሠ ናቸው። ከአዲስ አበባ ለጥናት ነው የመጡት።"

"የምን ጥናት?"

የመለሰልኝ ራሱ ገሠሠ ነው። ወጣት ነው፤ መነጽሩን አቧራ ሸፍኖታል፤ አነጋገሩ ትሕትና አለው። "የሰው ገቢ ሲጨምር በኑሮው የሚሰማው እርካታ አብሮ ይጨምራል ወይ የሚለውን ነው የምናጠናው። ስለ ገቢዎ እንጠይቅዎታለን፤ ከዚያ በኑሮዎ ምን ያህል እንደሚረኩ እርስዎ ራስዎ ይነግሩናል።" ካርቶኑን ዘረጋው። መሰላል ተሥሎበታል፤ አሥር ደረጃ አለው። ጫፉ ከዚህ የተሻለ የለም የሚባል ኑሮ ነው፤ ሥሩ ከዚህ የባሰ የለም የሚባል። ሰው ጣቱን ያለበት ደረጃ ላይ ያሳርፋል፤ ገሠሠ ይጽፋል።

"ከመዋጮም ከኅብረት ሱቁም ጋር አይገናኝም፤" አለኝ። "ለዕውቀት ብቻ ነው።"

ይህን ሲል እየዋሸ አልነበረም፤ እስከ ዛሬም አልጠረጥረውም። ጥያቄውም ደግ ጥያቄ ነው፤ እኔም ራሴን ብዙ ቀን ጠይቄዋለሁ። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ሰው ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ አጠገቡ ሊቀ መንበር አቁሞ፣ ኑሮ እንዴት ነው ብሎ እውነቱን እሰማለሁ ማለቱ ነው የሚያናድደኝ። የት አገር ነው ያደገው? እኛ ዘንድ ቤቱ እየተቃጠለ እንኳ እንዴት ነህ የተባለ ሰው መጀመሪያ ተመስገን ይላል። ስለ እሳቱ የሚያወራው ከዚያ በኋላ ነው።

በረድፉ የመጀመሪያው ቤት የዲንቄ ነበር።

ዲንቄ ልብስ አጣቢ ናት። የትውልድ አገሯ ዓለም ጤና ነው፤ ለወዬሳ ተድራ ነው ወደዚህ የመጣችው። ከተማውን እኛ ናዝሬት ስንል እሷ አዳማ እንዳለች ቀረች። ወዬሳ ሸንኮራ አገዳ ቆራጭ ነበር፤ ወባ ገደለውና አንድ ልጃቸውን ፈዬራን ይዛ ቀረች። የባቡር ሠራተኞችን ቱታ፣ የወንደላጤ መምህራንን ሸሚዝ፣ የአልቤርጎዎቹን አንሶላ እያጠበች አሳደገችው። ጥርሷ የዚህን ስምጥ ሸለቆ ውሃ ጠጥቶ እንዳደገ ሰው ሁሉ ቡናማ ነው፤ ስትስቅ ግን በእጇ አትሸፍነውም። ተረበኛም ነበረች። አጥባ ያደረቀችውን ሱሪ ልታደርስ ስታልፍ በረንዳዬ ላይ ቆም ትልና "አብተው፣ ይህን የሰፋኸው ዓይንህን ጨፍነህ ነው?" ትለኛለች። ሳየው እውነትም ጠምሟል።

የዲንቄ ፈተና ውሃ ነው። አጣቢ ናት፤ ሰፈራችን ደግሞ ቦኖ የለውም። ቅርብ የሚባለው ቦኖ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ አስፋልቱ ዳር ነው፤ እሱም ወረፋ አለው። ፈዬራ ጋራዥ ተቀጥሮ ሳለ የተጣለ ኩሽኔታ ለቃቅሞ በጣውላ ላይ ገጠመና ለእናቱ ጋሪ ሠራላት። ማለዳ ማለዳ ጀሪካኖቹን ደርድሮ ሲመለስ ኩሽኔታው በድንጋዩ ላይ እየጮኸ ሰፈሩን ሁሉ ይቀሰቅሳል። በዚያ ጩኸት ስንት ጊዜ ተራግሜያለሁ። ሰባ ስድስት ላይ የብሔራዊ ውትድርና የመጀመሪያ ዙር ሲመለመል ፈዬራ ተወሰደ፤ ወደ ሰሜን ዘመተ። ከሰፈራችን ማን እንደሚሄድ የወሰነው ንዋይ ነው፤ የማን ልጅ እንደቀረም እናውቃለን። ዲንቄ ጋሪውን አልጋ ሥር አስገባችው። "ሲመጣ ራሱ ይጎትተዋል" አለች። ከዚያ ወዲህ ውሃ የምታመጣው በጀርባዋ ነው።

ገሠሠ ደጃፏ ደርሶ ጤና ይስጥልኝ ሲላት እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች። ገቢዋን ጠየቃት፤ ከእጅ ወደ አፍ ነው አለችው። ከዚያ ካርቶኑን ዘረጋ።

"እማማ፣ በኑሮዎ ምን ያህል ይረካሉ? ይህ መሰላል ነው፤ የት ላይ ነዎት?"

"ገለታ ዋቃ፣ ልጄ፣ ተመስገን ነው። ቆመህ ምን ትጠይቀኛለህ፣ ግባ እንጂ።"

"አመሰግናለሁ። ብቻ ጣትዎን ያሳርፉልኝ።"

መሰላሉን ከሥር እስከ ጫፍ አየችው። ከዚያ ጣቷን ከጫፉ አንድ ዝቅ ብሎ ካለው ደረጃ ላይ አሳረፈች። ጫፉ ላይ አላደረገችም፤ ትዕቢት ይሆናል። እታች ደግሞ አታደርግም፤ ልጇ ጦር ሜዳ ነው። ልጇ ጦር ሜዳ ያለ እናት በአፏም ሆነ በጣቷ የባሰው ደርሶብኛል አትልም። ያ ሟርት ነው፤ ጠርቶ ማምጣት ነው። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ገሠሠ አላወቀም፤ ንዋይ ደግሞ እያወቀ ዝም አለ።

የባሰው ቀጥሎ መጣ። ሁለተኛው ቤት የጋሪ ነጂው ሚስት የዙለይካ ነው። ዙለይካ ባሏ አጠገቧ ነው፤ ልጆቿም ከጓዳ እስከ ደጃፍ ይንጫጫሉ። የዲንቄ ጣት የት እንዳረፈ አይታለች። እንግዲህ ዙለይካ በምን ዓይኗ ከዲንቄ በታች ነኝ ትላለች? እሷም እዚያው አሳረፈች። እኔ ጋ ሲመጡ እኔም እንደዚያው አደረግኩ። ልጆቼን ቤቴ አስቀምጬ፣ ልጇን ለጦር ከሰጠች ሴት በልጬ ላማርር? ያስነውራል። እንዲህ እንዲህ እያለ ሰፈሩ በሞላ የዲንቄን ጣት ተከትሎ መሰላሉ ላይ ወጣ።

ከወራት በኋላ አንድ እሑድ ለስብሰባ ተጠራን። ንዋይ መድረክ ላይ ቆሞ ጥናቱ አለቀ አለን። ከከተማው ሰፈሮች ሁሉ የኛ ሰፈር ገቢው ዝቅተኛ ነው፤ በኑሮው በመርካት ግን አንደኛ ወጥቷል። ይህም የሕዝቡን አብዮታዊ ንቃት ያሳያል አለና አስጨበጨበን። እጃችን ገና ሳይወርድ ሌላውን ነገረን። ማዘጋጃ ቤቱ አንድ ቦኖ ሊያስገባ በጀት ይዟል፤ ቦኖው የሚገባው ምሬቱ ወደ በዛበት ሰፈር ነው፤ ለኛ አሁን አያስፈልገንም ተብሏል። ቦኖውን ያገኘው ከጣቢያው ጀርባ ያለው ሰፈር ነው። እዚያ በየግቢው የቧንቧ ውሃ ያለው ነጋዴ ሞልቷል፤ የሚያማርረው ሸቀጡ በየኬላው እየተያዘ ስላስቸገረው ነው። እሱ መሰላሉ ላይ እታች ወርዶ ውሃውን ወሰደ። ለዕውቀት ብቻ የተባለው ነገር እንደዚህ ሆኖ አረፈ። ቤቴ ገብቼ የቀረበልኝን ምሳ እንኳ ሳልነካ ተኛሁ።

ሰፈሩ ግን ንዋይን አልተናገረም። ንዋይን ማን ይናገራል? ሁሉም ፊቱን ወደ ዲንቄ አዞረ። ወረፋ ላይ ያሽሟጥጧት ጀመር። አንድ ቀን ዙለይካ እፊቴ፣ እበረንዳዬ ሥር ያዘቻት። እርጉዝ ነበረች፤ ጀሪካን ተሸክማለች፤ ላቧ ይንቆረቆራል።

"ያንቺ ጣት ነው ያስጠማን" አለቻት። "ትንሽ ዝቅ ብታደርጊው ምን ነበረበት? ደግሞ ካንቺ በላይ ውሃ የሚያስፈልገው ማን አለ?"

"ዝቅ ባደርገውና ልጄ አንድ ነገር ቢሆን አንቺ ትወልጂልኛለሽ?" አለች ዲንቄ።

ዙለይካ ጀሪካኗን አስተካክላ ሄደች። ከዚያ በኋላ በመንገድ ሲተላለፉ አንገት ይደፋሉ። እኔ ሁለቱንም ልቆጣ አስቤ ማንን እንደምቆጣ ጠፋኝ። ሁለት ሴት በአንድ ጀሪካን ውሃ ያጣላው ነገር ከነሱ ራስ በላይ ነው ያለው፤ እዚያ ደግሞ እጄ አይደርስም።

አንድ ጠዋት ዲንቄ ከቦኖ ስትመለስ ዙለይካን ከሐዲዱ ዳር ተቀምጣ አገኘቻት። ሆዷ ገፍቷል፤ ጀሪካኑ ተደፍቷል፤ መነሣት አቅቷት ታለቅሳለች። ዲንቄ የራሷን አውርዳ አነሣቻት፤ ደግፋ ቤቷ አደረሰቻት፤ ተመልሳም ውሃ ቀዳችላት። ያን ዕለት ወደ በረንዳዬ መጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ተረቡም የለም።

"ባለ መሰላሉ ሰውዬ ዘንድሮ ተመልሶ ይመጣል ብለሃል?" አለችኝ።

"ይመጣል። ከዓመት ዓመት የተለወጠውን ሊያይ ነው አሉ።"

"እንግዲያ መሰላሉን እወርዳለሁ" አለች። "ፈዬራን ደግሞ አምላክ ያውቅልኛል። ክፋት ብዬ እንዳላደረግኩት እሱ ያያል።"

ገሠሠ በሰባ ስምንት ከፋሲካ በኋላ ተመልሶ መጣ። ቦኖው የሄደበትን ሰምቶ ኖሮ ፊቴን ቀና ብሎ አላየኝም። "ውጤቱን ለዚህ ያውሉታል ብዬ አልገመትኩም፣ ጋሽ አብተው" አለኝ። ማለት ያለብኝን አላልኩትም፤ ንዋይ አጠገቡ ነበር። ተከትያቸው እስከ ዲንቄ ደጃፍ ሄድኩ። ጎረቤቱም አንድ አንድ እያለ ወጣ፤ ዙለይካም ጨቅላዋን ታቅፋ ደጃፏ ላይ ቆመች።

ዲንቄ ነጠላዋን ደርባ ጠበቀቻቸው። ካርቶኑ ሲዘረጋ ወደ መሰላሉ አላየችም።

"ልጄ፣" አለችው ገሠሠን፣ "አምና እላይ ያደረግኩት ተደስቼ አይደለም። ልጄ ጦር ሜዳ ነው፤ እታች ባደርገው እሱ ላይ የሚደርስ መሰለኝ። አሁንም ፈርቻለሁ።" ከዚያ ወደ ሊቀ መንበሩ ዞረች። "ጓድ ንዋይ፣ አንተ ትሰማለህ። ልጄ ደህና ነው አይደል?"

"ደህና ነው፣ እማማ ዲንቄ" አለ ንዋይ። "ግዳጁን እየተወጣ ነው። ሐሳብ አይግባዎት።"

ፈገግ አለች፤ ያ ቡናማ ጥርሷ ታየ። ጣቷን አንሥታ የመሰላሉን ጫፍ፣ ወገቡን፣ ሁሉንም አልፋ ከሥሩ የመጨረሻው ደረጃ ላይ አሳረፈች። ገሠሠ ጻፈ። ከዚያ ዙለይካ አሳረፈች፤ እኔም አሳረፍኩ፤ ሰፈሩ በሙሉ በእውነት ወደሚኖርበት ደረጃ ወረደ። ማንም ማንንም አላፈረም፤ ዲንቄ ቀድማ ወርዳለችና።

ከአዲስ አበባ የመጣውን ውጤት በኋላ ሰማነው። ገቢያቸው ሳይለወጥ እርካታቸው ያሽቆለቆለው ለምን እንደሆነ አይታወቅም፤ ሌላ ጥናት ያስፈልገዋል ተብሏል። ዲንቄ ደጃፏ ላይ ቆማ ለገሠሠ ነግራው የለም እንዴ? የነገረችው ግን ካርቶኑ ላይ ቦታ አልነበረውም። እንግዲህ ምሬታችን በዝቷልና ቦኖው ተፈቀደልን፤ ቧንቧ የሚቀብሩት ሰዎች ክረምቱ እንዳባራ መቆፈር ጀመሩ። ዲንቄ ቁፋሮውን ልታይ በየቀኑ ትመጣለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ከብዙ ወር በኋላ ተረቧ ተመለሰ፤ ቆፋሪዎቹን "ከአብተው ስፌት የባሰ ጠመመባችሁ" ትላቸዋለች።

ቁፋሮው ሳያልቅ አንድ ቀን ጎሕ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ናቸው። ንዋይም አለ፤ ነጠላውን እንደ ሐዘንተኛ ዘቅዝቋል። ሰው በዚያ ሰዓት እንደዚያ ሆኖ ሲመጣ ነገሩ መርዶ እንደሆነ ለማንም አይጠፋውም፤ የማን እንደሆነም አወቅኩ። ዲንቄ በሯን ስትከፍት ተሰልፈን አየችንና ማንም አፉን ሳይከፍት መሬት ተቀመጠች።

ሦስቱን ቀን ድንኳን ውስጥ ሆኜ የሰማሁት አንድ ነገር ነው። ያችን ጣቷን በሌላው እጇ ጨብጣ "በዚች ገደልኩት፤ በዚች ነው የጠራሁበት" ትላለች። ዙለይካ እግሯ ሥር ተደፍታ ታለቅሳለች። ማጽናናት ያቃተው ሰው ከንፈሩን ይመጥጣል፤ እኔም መጠጥኩ። በሦስተኛው ቀን ንዋይ ተነሥቶ ስለ እናት አገር ንግግር አደረገ። ጓድ ፈዬራ ወዬሳ በጥር ወር በጀግንነት ተሰዋ አለ።

ቀና አልኩ። "በየትኛው ጥር?"

"ባለፈው ጥር።"

"አንተ መቼ ሰማህ?"

"መርዶ ሥርዓት አለው፣ አቶ አብተው። የሕዝቡ ሞራል መጠበቅ ስላለበት መመሪያ እስኪመጣ ድረስ..." እያለ ቀጠለ። ያለውን ከዚያ በኋላ አልሰማሁትም። ጥር ከፋሲካ በፊት ነው። ዲንቄ ልጄ ደህና ነው አይደል ብላ ዓይኑን እያየች ስትጠይቀው ፈዬራ ከተቀበረ ወራት አልፎታል፤ ንዋይም ያውቅ ነበር። ያ ሰው ድንኳኑ መካከል ቆሞ ያለ ሐፍረት ይናገራል፤ እኛ ደግሞ ቁጭ ብለን እናዳምጠዋለን። ተነሥቼ ባንቀው ደስ ባለኝ ነበር። አላነቅኩትም፤ ባለ ሽጉጥ ነው።

ሰው ሲበተን ወደ ዲንቄ ጠጋ አልኩ። የሚያሳርፋት መስሎኝ ነው። "ዲንቄ፣ ጣትሽ ምንም አላደረገም" አልኳት። "ፈዬራ ያረፈው በጥር ነው። አንቺ ያንን ያደረግሽው ከፋሲካ በኋላ ነው። የጠራሽበት ነገር የለም።"

ልቅሶዋን አቆመች። ጣቷን የጨበጠችበት እጇ ቀስ ብሎ ተፈታ።

"ደህና ነው ብሎኝ ነበር" አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ስታለቅስ ያያት የለም።

ቦኖው በኅዳር ተመረቀ። ንዋይ ቀይ ጨርቅ አስሮ፣ ድምፅ ማጉያ አምጥቶ፣ ከማዘጋጃ ቤት እንግዳ ጋብዞ ሰፈሩን ሰበሰበ። ገሠሠም መጥቶ ዳር ላይ ቆሟል። ቦኖውን የጀግና እናት ትከፍተዋለች ተባለ፤ ዲንቄ ተጠራች። ጥቁር ለብሳ፣ ባዶ ጀሪካኗን ይዛ ስትመጣ ሰው መንገድ ለቀቀላት። ትመጣለች ብዬ አልጠበቅኩም ነበር፤ መምጣቷም ከፋኝ።

ቧንቧውን አዞረችው። ውሃው መጀመሪያ በዝገት ቀልቶ፣ ቀጥሎ ጠርቶ ወረደ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ሕፃናት እጃቸውን ሰደዱ። ዲንቄ እልልታው እስኪበርድ ጠበቀች። ከዚያ ድምፅ ማጉያውን ይዞ አጠገቧ ወደ ቆመው ሰው ዞረች።

"ንዋይ፣" አለች፤ ጓድ አላለችውም፤ "ልጄ ደህና ነው አይደል?"

ድምፅ ማጉያው ለሰፈሩ ሁሉ አሰማው። ንዋይ ወደ እንግዳው አየ፤ ወደ እኛ አየ። ደህና ነው ማለት አይችልም፤ የለም ቢል ደግሞ ያኔ ደጃፏ ላይ መዋሸቱን በገዛ አፉ ያምናል። እሷ መልሱን እንደሚጠብቅ ሰው በትዕግሥት ቆመች። ውሃው ይፈስሳል። ገሠሠ አንገቱን ደፍቷል። በመጨረሻ ዲንቄ ቧንቧውን መልሳ ዘጋችው፤ ጠብታ እንዳይቀር አጥብቃ ነው የዘጋችው። ጀሪካኗን ባዶውን አንሥታ ወደ ቤቷ ሄደች።

እኛ ከዚያ ቦኖ ቀዳን፤ ለምን እዋሻለሁ? ዙለይካም ቀዳች፤ ሚስቴም ቀዳች። ውሃ ነው፤ ተጠምተን ኖረናል። በማግሥቱ ጠዋት ግን ገና መኪናዬን ሳላወጣ ያ ድምፅ ቀሰቀሰኝ፤ ኩሽኔታ በድንጋይ ላይ ሲጮህ። በመስኮት ሳይ ዲንቄ የፈዬራን ጋሪ ከአልጋ ሥር አውጥታ፣ ጀሪካኖቹን ደርድራ እየጎተተች ነው። በአዲሱ ቦኖ በኩል አለፈች፤ ዘወር ብላ አላየችውም። ሐዲዱን ተሻግራ ወደ ሩቁ ቦኖ ሄደች።